አክተር አይሞትም ትለኝ ለነበርከው አባቴ

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አየህ፣ የድሮውን መግቢያ አልረሳሁትም። ስልክ ስደውልልህ «ደህና ነሽ? ልጆቹስ? በይ ብር አይቁጠርብሽ» ብለህ ትዘጋዋለህ። በኢንተርኔት ነው አይቆጥርም ብልህም አትሰማኝም። ደብዳቤ ግን አትዘጋም። መነጽርህን አድርገህ፣ ጮክ ብለህ እንደምታነበው አውቃለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ቃለ ተውኔት ሲያጠና የኖረ ሰው በልቡ ማንበብ አይሆንለትም።

ኤርሚያስ ነገረኝ። ስልኩን ከፍቶ «አያቴ፣ ስለ ቴአትር ቤቱ ንገረኝ፣ ልቅረጽህ» ቢልህ «እኔ ማን ሆኜ ነው? ሂድና ትልልቆቹን ጠይቅ» አልከው አሉ። ልጁ ቅር ብሎታል። እኔም ቅር ብሎኛል። ቢሆንም ላግባባህ እንጂ ልቆጣህ አልጻፍኩም። ስለ አንዲት ሴት ላጫውትህ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ እየቀነስክ አንብብ።

ስሟ ዳያና ሴራ ኬሪ ይባላል። በልጅነቷ ግን አሜሪካ የሚያውቃት ቤቢ ፔጊ ብሎ ነው። በ1918 ሳንዲየጎ ተወለደች። አባቷ ጃክ ሞንትጎመሪ ካውቦይ ነበር። የፊልም ካውቦይ አይደለም፣ ከብት የነዳ የእውነት ካውቦይ። ኋላ ሆሊዉድ ገባና መጋለብና መውደቅ እንጀራው ሆነ። የካውቦይ ፊልም ኮከቡ ቶም ሚክስ አደገኛ ቦታ ሲደርስ በእሱ ፈንታ የሚጋልበው ጃክ ነበር።

ልጅቷ የአንድ ዓመት ከሰባት ወር ሕፃን ሳለች እናቷ ሰንሴት ቡሌቫርድ ላይ ወዳለ ሴንቸሪ ወደሚባል ስቱዲዮ ይዛት ሄደች። አንድ ዳይሬክተር አያት። ወዲያ ወዲህ አትሮጥም፣ አታለቅስም፣ ተቀመጪ የተባለችበት ቁጭ ብላለች። ገረመው። በዚያን ጊዜ ዝነኛ ከነበረ ብራውኒ ከሚባል ውሻ ጋር አጫወታት። ፊልሙ ተወደደ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! ከ1921 እስከ 1924 ወደ 150 የሚጠጉ አጫጭር ኮሜዲዎች ሠራች። ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላት ማለት ነው።

ድምፅ አልባ ፊልም ስለሆነ ዳይሬክተሩ ካሜራው እየሠራ ይጮህላታል። ሳቂ፣ አልቅሺ፣ ደንግጪ። አባቷም አጠገብ ቆሟል። ጣቱን ቀጭ ካደረገ አለቀ፤ ታደርገዋለች። ሰው ስለ ልጅቷ ተሰጥኦ ሲያወራ እሱ የሚመልሰው ጎበዝ ስለሆነች ሳይሆን ታዛዥ ስለሆነች ነው እያለ ነበር። ፈረስ ሲያሠለጥን የኖረ ሰው ሌላ ምን ይላል? አደጋውም ያው እንደ ፈረሰኞቹ ነበር። ባሕር ውስጥ ራሷን እስክትስት ደፍቀዋታል። ከሚሮጥ መኪና ላይ ተወርውራለች። በአንድ ፊልም በሚነድድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቀርታ በመስኮት ወጥታለች።

ገንዘቡን ስነግርህ እንዳትደነግጥ። በ1923 ገደማ ኮንትራቷ በዓመት በሚሊዮን ዶላር ይወራ ነበር። በ1922 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የአድናቂ ደብዳቤ እንደደረሳት ይነገራል። በስሟ አሻንጉሊት ይሸጣል፣ ወተት ይተዋወቃል። በ1924 ዴሞክራቶች ኒው ዮርክ ላይ ጉባኤ ሲያደርጉ መድረክ ላይ አቁመዋታል፤ አጠገቧ የቆመው ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነው። ትምህርት ቤት ግን አልላኳትም።

በ1925 አባቷ ከፕሮዲውሰሩ ጋር በክፍያ ተጣላ። ኮንትራቱ ተቀደደ፣ ሌላም የሚቀጥራት ጠፋ። በሰባት ዓመቷ ያለፈባት ሆነች። ከዚያ እስከ 1929 በቮድቪል መድረክ ከከተማ ከተማ ዞረች። ቮድቪል ማለት ዘፈኑ፣ ቀልዱ፣ ጭፈራው፣ ሰርከሱ በአንድ ምሽት የሚቀርብበት ነው፤ አንተ ብታየው ትወደው ነበር። ታምማ ሁሉ ሠርታለች። የሠራችውን ወላጆቿ በሉት፤ የቀረውን ዘመድ ይዞት ሄደ። ዋዮሚንግ ላይ እርሻ ገዝተው ነበር፣ እሱንም የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት አጠፋው። ቤተሰቡ ሆሊዉድ ሲመለስ ትናንት ስሟ በመብራት የተጻፈላት ልጅ በቀን ክፍያ አጃቢ ሆና ከሕዝቡ መሐል ቆመች።

እዚህ ላይ ለእኔ የሚቀርበኝ ነገር አለ። ለተወሰነ ጊዜ የተማረችው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ባለው ፌርፋክስ ሃይስኩል ነው። የእኛ ምግብ ቤቶች፣ እንጀራ የምገዛበት ሱቅ፣ ከ2002 ጀምሮ «ሊትል ኢትዮጵያ» የተባለው ሰፈር ያለው በዚያው በፌርፋክስ ጎዳና፣ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባለፍኩ ቁጥር ያቺ ጎረምሳ ልጅ ደብተሯን ይዛ፣ ማንነቷን ማንም እንዳያውቅባት እየጸለየች ስትገባ ይታየኛል።

ምክንያቱም ሸሽታለች አባዬ። ቤቢ ፔጊ መሆኗን ጠላችው። ትወናውን በ1938 ተወች። የስልክ ኦፕሬተር ሆነች፣ መጽሐፍ ሸጠች። ካቶሊክ ሆነች፣ ስሟንም ለወጠች። ሰው ሲያውቃት የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ ብር የት ገባ? ቤት ውስጥም ጉዳዩ አይነሳም። ወላጅ አፍሮ ዝም፣ ልጅ አዝና ዝም። አንተም እንደምታውቀው እንዲህ ያለ ዝምታ በእኛ አገር ቤትም ሞልቷል።

እንግዲህ ይህቺ ሴት በመጨረሻ ብዕር ስታነሳ ስለማን የጻፈች ይመስልሃል?

ስለ ፈረሰኞቹ። በ1975 ያወጣችው የመጀመሪያ መጽሐፏ ስለ አባቷና ስለ ጓደኞቹ ነው። የግጦሹ ምድር በአጥር ሲታጠር ሥራ ያጡ ካውቦዮች ከሞንታናም ከቴክሳስም ከአሪዞናም እየነቀሉ ሆሊዉድ መጡ። ሰንሴትና ጋወር መንገድ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ኮርቻቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። ጋወር ገልች ይሉት ነበር ቦታውን። ልክ እንደ ቀን ሠራተኛ፣ ስቱዲዮው ዛሬ ሃያ ሰው እፈልጋለሁ ካለ ሃያው ይሄዳል፣ የቀረው ጠጅ ቤት ይገባል። ዊስኪ ቤት ማለቴ ነው፤ ጠጅ ቤት ስል ቶሎ ይገባሃል ብዬ ነው። ለመጋለብ አንድ ሒሳብ፣ ለመውደቅ ሌላ ሒሳብ።

አወዳደቁን ደግሞ ስማ። በፈረሱ የፊት እግሮች ላይ ማሰሪያ ይደረጋል፣ ከማሰሪያው ረጅም ሽቦ ይነሳል፣ የሽቦው ጫፍ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ነገር ጋር ይታሰራል። ፈረሰኛው በሙሉ ፍጥነት ይጋልባል። ሽቦው ያለቀበት ቦታ የፈረሱ እግር ከሥሩ ይሳባል። ፈረሱ በአፍጢሙ ይደፋል፣ ሰውየው ቀድሞ ካልዘለለ ከሥሩ ይቀራል። በ1936 በወጣ አንድ የጦርነት ፊልም በዚህ መንገድ ብዙ ፈረስ አልቆ አገር ተቆጥቷል። በዚያ ሥራ ጎልተው ስማቸው የተረፈ ጥቂት ናቸው። ያኪማ ካነት የሚባለው አንዱ ነው፤ ኋላ ለስታንት፣ ማለትም ለአደገኛ ትርኢት ሥራው የክብር ኦስካር ተሰጠው። ሌሎቹ ዳገት ላይ የሚታየው አቧራ ሆነው ቀሩ።

አባዬ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ ገብተህ በጩኸት የምታያቸው ካውቦይ ፊልሞች ላይ የሚወድቁት እነዚህ ናቸው እኮ። በልጅነታችን ፊልም አይቼ ስፈራ «አይዞሽ፣ አክተር አይሞትም» ትለኝ ነበር። እውነትህን ነው፣ አክተሩ አይሞትም። ታዲያ አክተሩ አንድ ጥይት በተኮሰ ቁጥር ሦስት የሚወድቀው ማነው? ዳያና ያቺን ጥያቄ ነው የጠየቀችው። ደግሞ ታውቃቸዋለች። አባቷን ፍለጋ የሚመጡ፣ ኩሽና ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ፣ ጎድናቸው የተሰበረ ሰዎች ነበሩ። በስማቸው ጠራቻቸው። ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ምን እንደሚቀልድ፣ ማን ከየትኛው ዳይሬክተር ጋር እንደተጣላ ጻፈች።

እኔ በበኩሌ ይሄ ነው የሚደንቀኝ። ገንዘቧን ለበላው አባት ወደኋላ ዞራ ጓደኞቹን አከበረችለት። ይቅርታ ይሁን ሌላ ነገር እኔ እንጃ። እውነቱን ለመናገር እሷን ብሆን የማደርገው አይመስለኝም። አባቷን ሌባ የሚሉት ሰዎች አሉ፤ የልጅ ገንዘብ የልጅ ነውና አልፈርድባቸውም። ግን ያ ሰው ራሱም ሰውነቱን እየሸጠ የኖረ ነው። ካለው ሁሉ የሚሸጠው አካል ብቻ ለሆነ ሰው የልጁም አካል ቢሸጥ ነውር ላይመስለው ይችላል። ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የማስታወቂያ ሰዎች መጥተው «ልጅቷን ለዘይት ማስታወቂያ ስጡን» ሲሉህ «ትማርበት» ብለህ ሸኘሃቸው። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችህ። ለልጅቷ አዲስ ጫማ ይገዛበት ነበር እያለች!

ከፈረሰኞቹ በኋላ ወደ ልጆቹ ሄደች። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ እንደ እሷ በልጅነታቸው የሠሩትን ፈልጋ፣ አነጋግራ ስለ እነሱ ጻፈች። በ2003፣ ሰማንያ አራት ወይም ሰማንያ አምስት ዓመቷ ላይ ሆና፣ ስለ ጃኪ ኩጋን ራሱን የቻለ መጽሐፍ አወጣች። ጃኪን ታውቀዋለህ። በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር የሠራው፣ ኮፍያውን ወደ ጎን ያደረገው የድሃ ልጅ። ያ ልጅ ሚሊዮኖች አግኝቶ ነበር። አባቱ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ጃኪም እዚያው መኪና ውስጥ ነበር፣ እሱ ተረፈ። ሲያድግ ገንዘቤን ስጡኝ ቢል እናቱና እንጀራ አባቱ የለህም አሉት። በ1938 ከሰሳቸው። ከዚያ ሁሉ በመጨረሻ የደረሰው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ግን በእሱ ምክንያት በ1939 ካሊፎርኒያ ሕግ አወጣች፤ ልጅ ተዋናይ ከሚያገኘው የተወሰነው እስኪያድግ በስሙ እንዲቀመጥ። ዛሬም «የኩጋን ሕግ» ይባላል። ሕጉ ክፍተት ስለነበረው በ2000 አጠናከሩት፤ አሁን 15 በመቶ የግድ ይቀመጣል። ዳያናም በስተርጅናዋ ስለ ልጅ ተዋናዮች መብት ስትናገር ኖራለች።

ስለ ራሷስ? በ1996 ነው የጻፈችው። ሰባ ሰባት ዓመት አልፏት። ፈረሰኞቹ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ልጆቹ፣ ከዚያ እሷ።

አንተ «እኔ ማን ሆኜ» ስትል የመጣችብኝ በዚህ ነው። እሺ፣ ስለ ራስህ አትናገር። ትሕትና ነው ወይም ኩራት ነው፣ ከአንተ ጋር ልዩነቱን ለይቼ አላውቅም። ግን ሌሎቹስ?

ንጉሡን ስለሚጫወተው ሰው አልጠይቅህም፤ እሱ ፎቶው በየግድግዳው አለ። ዘበኛ ሆኖ ስለሚቆመው ንገረኝ። አንተ መልእክተኛ ሆነህ ስትገባ ጦር ይዞ በሩ ላይ የሚቆመው፣ ሳቅ የሚያመልጠው ሰውዬ ማን ነበር? ድሮ ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር ትለኝ ነበር፤ ከእነሱ አንዱን አግኝተኸዋል? ሴቶቹ መድረክ ላይ መውጣት ሲጀምሩ «አዝማሪ ሆነች» ብሎ ዘመድ የካዳቸው አሉ፤ አንዷ እኛ ቤት ስታድር አስታውሳለሁ። ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ የተረሳ ቃል የሚያቀብላችሁስ? ልብስ ሰፊውስ? እነዚህን የሚያውቅ ሰው ከአንተ ሌላ ስንት ቀረ?

የእኛ የባሰው ደግሞ ማስረጃው አለመኖሩ ነው። አሜሪካኖቹ እንኳን በዚያ ሁሉ ሀብታቸው ጠፍቶባቸዋል። በ2013 የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ባወጣው ጥናት ድምፅ አልባ ሆነው ከተሠሩት ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ረጃጅም የአሜሪካ ፊልሞች በመጀመሪያ መልካቸው ሙሉ ሆነው የተገኙት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ያኔ የሚሠራበት የናይትሬት ፊልም እንደ ክብሪት ነው፤ ይነድዳል፣ ካልነደደም ይበሰብሳል። ስቱዲዮዎቹም በፊልሙ ላይ ያለውን ብር፣ ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ ለማውጣት ብለው ፊልሙን ያቀልጡት ነበር። ያ ቤቢ ፔጊ የሠራችበት ሴንቸሪ ስቱዲዮ በ1926 ተቃጠለ፣ አብዛኛው ሥራዋ አብሮ ሄደ። የተረፈው ጥቂት ነው፤ አንዳንዱም ከውጭ አገር ቤተ መዛግብት የተገኘ። እኔ ካፒቴን ጃንዋሪ የሚባለውን፣ በ1924 የሠራችውን አይቻለሁ። መብራት ቤት ጠባቂ ሽማግሌ የሚያሳድጋት ልጅ ሆና። ዓይኗን ብታይ! ፊቷ በቅርብ ሲነሳ ካሜራውን አታይም፤ ሽማግሌውን ብቻ ነው የምታየው። ታዛዥ ብቻ ናት ያለው አባቷ ተሳስቷል። አንተ በተዋናይ ዓይን ብታየው እንዲሁ ትላለህ።

የእናንተ መድረክ ግን መጀመሪያውኑ አልተቀረጸም። የተቀረጸውም ምን እንደሆነ ታውቃለህ። በቴሌቪዥን የሠራኸውን ድራማ እንፈልግ ብለን ስንጠይቅ ቴፑ ላይ ሌላ ነገር ተቀርጾበታል አሉን። የቴፕ እጥረት ነበርና በማንም አልፈርድም። አንተ ስቀህ «እንኳን ጠፋ፣ ጥሩ አልሠራሁበትም» አልክ። ጥሩ ሠርተህ ነበር አባዬ፤ እኔ አይቼዋለሁ። የሚቆጨኝ ደግሞ የአንተ ብቻ አይደለም፤ አብረውህ የነበሩት ሁሉ መጥፋታቸው ነው።

ዳያና በ2020 በየካቲት አረፈች፣ በ101 ዓመቷ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጋስቲን በምትባል ትንሽ ከተማ። ከድምፅ አልባው ዘመን ኮከቦች የመጨረሻዋ ተብሎ ተጻፈላት። ማስታወሻዋን ቀድማ ባታደርሰው ኖሮ ስለ እነዚያ ኮርቻ ተሸካሚዎች የሚነግረን አይኖርም ነበር። በቅርቡ ያ የጋወር ጥግ ሄጄ ነበር። ትንሽ የገበያ ማዕከል ሆኗል፤ የካውቦይ መንደር አስመስለው በሳንቃ ሠርተውታል። መኪና አቁሜ ቡና ገዛሁ። ቡናው ደግሞ አይጠጣም፣ ውሃ ነው።

እንግዲህ የምለምንህ ይኸው። ኤርሚያስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ አንተ አትየው። ካሜራ አይደለም፣ ድምፅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ «አልተላጨሁም» የሚል ሰበብ አይሠራም። ስለ ራስህ አንድ ቃል አይጠይቅህም፣ አስጠንቅቄዋለሁ። ዘበኛውን ይጠይቅሃል፣ ልብስ ሰፊዋን ይጠይቅሃል። ስም ከጠፋህ አትጨነቅ፤ መልኩን፣ ሰፈሩን፣ የሚወደውን ዘፈን ተናገር፣ ስሙ ሌላ ቀን ይመጣል። ከመሐል ሰው ብታማም ግድ የለም፣ ሐሜቱን እኔ እቆርጠዋለሁ። ወይም አልቆርጠውም፣ እንደ ጥፍጥናው።

ቁም ሣጥኑ ላይ ካለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ፎቶዎቹን አውርዶ እንዲያሳይህም ነግሬዋለሁ። ወንበር ላይ ቆመህ ራስህ እንዳታወርድ። የደም ግፊት መድኃኒትህን ጠዋት ጠዋት ዋጥ፤ እትዬ «ሽማግሌው ቀን ይዘላል» ብላ ነግራኛለች፣ ወሬ አቀባይ እዚያም አለኝ። ልጆቹ ይሳለሙሃል። ትንሿ «አያቴ ዘበኛ ነበር?» ብላኛለች፤ አንዳንዴ ዘበኛ፣ አንዳንዴ መልእክተኛ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጳጳስ ብያታለሁ። ጳጳሱን ከማን ወርሰህ እንደተጫወትከው ግን አላውቅም። ታሞ ቀርቶ አንተ በአንድ ሌሊት አጥንተህ የገባህለት ሰውዬ ነበር አይደል? ቅዳሜ ከእሱ ጀምር።

ልጅህ
ከሎስ አንጀለስ